ማን ከማን ጋር ይደንሳል

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ቡናው ገና ሁለተኛው ነውና የሚያጣድፈን የለም። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ዳንስ ነው፤ ያውም ወንዱ ጅራታም ጥቁር ኮት፣ ሴቲቱ ወለል የሚጠርግ ቀሚስ ለብሰው፣ ተቃቅፈው አዳራሹን እየዞሩ ስለሚደንሱት፣ ፈረንጆች ቦልሩም ስለሚሉት ዳንስ። እኛ እስክስታ ስንወርድ ትከሻችን ይሰበቃል እንጂ እግራችን ከቦታው ብዙም አይርቅም፤ እነሱ ደግሞ እግራቸው አዳራሹን ሲያካልል ትከሻቸው ንቅንቅ አይልም። ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ፤ ነገሩ የእነሱ ነውና ዘመኑም በእነሱ ይሁን።

ይህን ዳንስ ከሀገር ሀገር ስከተለው እርምጃውን ብዙ አልመረምርም፤ እርምጃው የተጻፈ ነው፣ የትም ብትሄዱ ያው ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው። ተማሪው ክንዱን ሲዘረጋ የሚያቅፈው ማንን ነው? ገንዘቡንስ የሚያወጣው ማነው? ይህን ካወቅሁ የቀረው ሁሉ ይገለጥልኛል፤ አስተማሪው እንዴት እንደሚያስተምር፣ ዳኛው ምን እንደሚያይ፣ ልጁስ ለምን እንደሚያለቅስ።

መጀመሪያ ወደ ለንደን እንሂድ። አንደኛው የዓለም ጦርነት አልቋል፣ ከሞት የተረፈው ወጣት ወደ ጭፈራ ቤት ይጎርፋል፣ ከአሜሪካም የጃዝ ሙዚቃ መጥቷል፤ ግን ሁሉም ደስ እንዳለው ስለሚረግጥ በአንዱ አዳራሽ የተማረ ሰው በሌላው አዳራሽ ይጋጫል፣ እግር ይረግጣል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከዚያም ደግሞ ይረግጣል። በ1920 ፊሊፕ ሪቻርድሰን የሚባል «ዳንሲንግ ታይምስ» የተሰኘ መጽሔት አዘጋጅ መምህራኑን ጠርቶ ሰበሰበና ተመካከሩ፤ ከዚያም እንደገና ተሰበሰቡ፣ ከዚያም በ1924 በመምህራኑ ትልቅ ማኅበር ውስጥ ለዚህ ዳንስ ብቻ የሚሆን ክፍል ተቋቋመ፤ እግር የት እንደሚያርፍ፣ ተረከዝ መቼ እንደሚነሳ፣ ጭንቅላት ወዴት እንደሚያዘነብል አንድ በአንድ ተጻፈ።

ከእነዚያ መካከል ቪክቶር ሲልቬስተር የሚባል ነበር፤ የቄስ ልጅ ነው። በ1922 ከፊሊስ ክላርክ ጋር ሆኖ የዓለም ሻምፒዮን ተባለና ከዚያ መጽሐፍ ጻፈ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር አስቆጨው፤ በገበያ ያለው ሸክላ አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይዘገያል፣ ለዳንስ አይመችም። ስለዚህ በ1935 የራሱን ኦርኬስትራ አቋቁሞ ፍጥነቱ ዝንፍ የማይል ሙዚቃ ማስቀረጽ ጀመረ፤ ያም ሸክላ በሚሊዮን እየተሸጠ ባሕር ተሻገረ። ዛሬ በውድድር ላይ ዋልዝ በደቂቃ ከ28 እስከ 30 የሙዚቃ ባር ነው፣ የቪየና ዋልዝ ከ58 እስከ 60፤ ቶኪዮም ብትሆኑ ኬፕታውን ያው ነው። እንግሊዞች ዋልዙን ራሳቸው አልፈጠሩትም፣ ታንጎውንም አልፈጠሩትም፤ ልኩን ግን እነሱ ሰፉለት።

አሁን ደግሞ ስለ ሙሴ ፒየር ልንገራችሁ፤ ይህን ሰው እወደዋለሁ። ፒየር በለንደን የላቲን አሜሪካ ዳንስ የሚያስተምር ፈረንሳዊ ነበር፤ ከተጣማሪው ከዶሪስ ላቬል ጋር። ያን ጊዜ ለንደን ውስጥ ሩምባ የሚባለው በሳጥን ቅርጽ ይረገጥ ነበር፤ ወደ ጎን፣ መዝጋት፣ ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ መዝጋት፣ ወደ ኋላ። ተማሪ ሞልቶለታል፣ ስም አለው፣ ገንዘብ አለው፤ ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ያረጃል። እሱ ግን «የሰዎቹን ዳንስ ከሰዎቹ ሳልማር እንዴት አስተምራለሁ?» ያለ ይመስላል፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1947፣ እንግሊዝ ገና ዳቦ በራሽን በምትበላበት ጊዜ፣ ተነስቶ አትላንቲክን ተሻግሮ ሃቫና ወረደ።

ከዚያም እዚያ ሆኖ አየ። ኩባውያኑ በመጀመሪያው ምት ላይ አይራመዱም። ምቱ ይመጣል፣ ዳሌ ይረጋል፣ እግር ዝም ይላል፤ ከዚያ በሁለተኛው ላይ ይነሳሉ። ፔፔ ሪቬራ የሚባል ኩባዊ ይዞ አስተማረው፤ በለንደን የመምህራን መምህር የነበረው ሰው ሃቫና ላይ ተማሪ ሆኖ እግሩን ከአንድ ወደ ሁለት ማዛወር ተማረ። ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ እንዳታዩት፤ ዓመታት ሙሉ «አንድ» ሲባል የተንቀሳቀሰ ገላ «አንድ» ሲባል ቆሞ እንዲጠብቅ ማድረግ ከባድ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ተመልሶ ሄደ፤ በዚያ ጊዜ በሁለቱ ዝግ ያሉ እርምጃዎች መካከል ሦስት ፈጣን እርምጃ የሚጨምሩ ጨፋሪዎች አየና ያን ይዞ ተመለሰ፤ ቻቻቻን ለእንግሊዝ መምህራን ያስተማረው እሱ ነው።

ለንደን ግን እጁን ዘርግቶ አልተቀበለውም። የሳጥኑን ሩምባ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህራን ነበሩ፣ ተማሪዎቻቸውም ከፍለው የተማሩት ያንኑ ነው፤ «በሁለት ነው» ማለት «እስከ ዛሬ ገንዘባችሁን በከንቱ ወሰድን» ማለት ነውና ጭቅጭቁ ብዙ ዓመት ቆየ። በመጨረሻ የፒየር መንገድ አሸነፈና የዓለም አቀፉ ውድድር ሕግ ሆነ። ሳጥኑ ግን የሞተ እንዳይመስላችሁ፤ አሜሪካ ውስጥ እስከ ዛሬ በክብር ይኖራል፣ የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ነው። ኩባዊው ምት የዞረው በእነሱ አዳራሽ ብቻም አይደለም፤ የእኛው ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 ኒው ዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባለውን አልበም ሲቀርጽ የያዘው ያንኑ የካሪቢያን ምት ነበር። ምት ፓስፖርት አይጠይቅም ወዳጆቼ፤ መምህራን ናቸው የሚጠይቁት።

ከለንደን ወደ ጀርመን እንሻገር። እዚያ ዳንስ የሻምፒዮን ነገር ከመሆኑ በፊት የማደግ ነገር ነው። ልጁ አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ዳንስ ትምህርት ቤት ይመዘገባል፤ በ1922 የተመሠረተ የዳንስ መምህራን ማኅበር አላቸው፣ ትምህርቱም ወጥ ነው። ወንዶቹ በአንዱ ግድግዳ፣ ሴቶቹ በሌላው ግድግዳ ይቆማሉ፤ መሐል ላይ ባዶ ወለል አለ፣ ያን ወለል ማቋረጥ ነው ፈተናው። ልጁ ላብ ያላበውን እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፣ ከዚያ ይሄዳል፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ይጠይቃል፤ ልጅቷም ብትስቅበትም እጇን ትሰጠዋለች። ኮርሱ ሲያልቅ የመዝጊያ ድግስ ይደረጋል፣ ወላጆች ለብሰው ይመጣሉ፣ ልጁም እናቱን ያስደንሳል፤ በዚያች ምሽት የማታለቅስ እናት ያለች አይመስለኝም።

አብዛኛው እዚያው ያቆማል። የቀጠለው ደግሞ ክለብ ይገባል፤ ክለቡም እንደ እኛ እድር ነው፣ ሊቀመንበር አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ አባሉ በየወሩ ያዋጣል፣ ውድድር ሲዘጋጅ አንዱ ወንበር ይደረድራል፣ ሌላዋ ኬክ ጋግራ ታመጣለች። ተጣማሪህ እንዳንተው አባል ነው፣ እንዳንተው ይከፍላል፤ አንዱ ሌላውን አልቀጠረውም። መሰላሉ ከዲ ተነስቶ በሲ፣ በቢ፣ በኤ አድርጎ ኤስ ይደርሳል፤ ታች ያለው የተወሰኑትን መሠረታዊ እርምጃዎች ብቻ እንዲደንስ ይፈቀድለታል፣ የሚያብለጨልጭ ቀሚስም ይከለከላል። ከፍ ለማለት ነጥብ መልቀም ነው፤ በየቅዳሜው በየከተማው እየዞሩ፣ በባቡር፣ በዝናብ፣ ቀሚሱን በፕላስቲክ ሸፍነው። ስምንት ጥንድ ሆነው በአንድነት የሚደንሱት የቡድን ዳንስም አላቸው፤ እንደ እግር ኳሱ ቡንደስሊጋ አለው፣ ደጋፊው ከበሮ ይዞ ይገባል።

ቪየና ጎረቤት ናት፣ ግን ሌላ ዓለም ናት። እዚያ የሚማሩት ለዋንጫ ሳይሆን ለምሽት ድግስ ነው። ቪሊ ኤልማየር የሚባል የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነበር፤ የኦስትሪያና ሀንጋሪ ግዛት ሲፈርስ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ሲወርድ፣ በ1919 የዳንስ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ እስከ ዛሬ አለ። ነጭ ጓንት ያላደረገ ተማሪ አይገባም፤ ከእርምጃው እኩል እንዴት ሰላም እንደሚባል፣ ወንበር እንዴት እንደሚሳብ ይማራል። በጥርና በየካቲት፣ በረዶው መንገዱን ሲሸፍን፣ ከተማይቱ ከድግስ ወደ ድግስ ስትል ትከርማለች፤ በኦፔራው ድግስ ላይ ነጭ የለበሱ ልጃገረዶች ከጥንዶቻቸው ጋር ተሰልፈው ይገባሉ፣ ወደ ግራ የሚዞረውን ዋልዝ ሳያደናቅፋቸው ይዞራሉ፣ ከዚያ «ሁሉም ይደንስ» የሚል ጥሪ ሲሰማ የተቀመጠው ሁሉ ይነሳል። ዳኛ የለም፣ ቁጥር የለም፤ የሚመዝናችሁ የጓደኛችሁ አክስት ናት፣ እሷ ደግሞ ከዳኛ ትብሳለች።

አሁን ውቅያኖሱን እንሻገርና አሜሪካ እንግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

አርተር መሪ የሚባል ልጅ በ1895 ዛሬ በሌለው የኦስትሪያና ሀንጋሪ ግዛት ተወለደና በሕፃንነቱ ኒው ዮርክ መጣ። ዓይናፋር ነበር ይባላል። ዳንስ ተማረ፣ ከዚያ አስተማረ፣ ከዚያ አንድ ብልሃት መጣለት፤ የእግር ቅርጽ ወረቀት ላይ አትሞ በፖስታ መሸጥ። ገበሬው በጎተራው፣ ጸሐፊዋ በኪራይ ክፍሏ፣ ወረቀቱን ወለል ላይ ዘርግተው ብቻቸውን ረገጡት። በ1938 ደግሞ ስሙን እያከራየ በየከተማው ስቱዲዮ አስከፈተ፤ በ1947 የፊልሙ ጨፋሪ ፍሬድ አስቴር ስም ያለበት ሌላ ሰንሰለት ተከተለው። ልብ በሉ፣ የጀርመኑ ልጅ ከእኩያው ጋር ነው የጀመረው፤ የአሜሪካው ተማሪ ግን ወረቀት ይዞ ብቻውን ነው የጀመረው። ብቻውን ለሆነ ሰው ምን ትሸጥለታለህ? አብሮት የሚደንስ ሰው ነዋ።

እንዲህ ሆኖ ፕሮ-አም የሚባለው መጣ፤ ባለሙያውና አማተሩ አንድ ላይ የሚወዳደሩበት። አንዲት ሐኪም እናስብ፤ ልጆቿ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ አንድ ማታ ስቱዲዮ ትገባለች። አስተማሪዋ ከእሷ በሃያ ዓመት የሚያንስ ወጣት ነው፤ በሰዓት ይከፈለዋል። ከዚያ ወደ ውድድር ይሄዳሉ፤ ውድድሩ በትልቅ ሆቴል ውስጥ ከጧት እስከ እኩለ ሌሊት ለቀናት ይካሄዳል፣ እሷም በአንድ ቀን ብዙ ዙር ትገባለች፣ እያንዳንዱ ዙር ይከፈልበታል፤ የእሱ ጉዞና ማደሪያም ከእሷ ቦርሳ ነው። ዳኞቹ የሚመዝኑት እሷን ብቻ ነው። እሱ አብሯት አለ፣ ይመራታል፣ ስትስት ይሸፍንላታል፣ ፈገግ ይላል፤ ለዳኛው ግን እንደሌለ ነው።

አውሮፓውያን በዚህ ሲስቁ እሰማለሁ፤ «ተጣማሪ በገንዘብ ይገዛሉ» ይላሉ። እኔ ግን አልስቅም። በክለብ ሀገር የሃምሳ ዓመቷ ሴት ባሏ አልደንስም ካለ ጉዳዩ አለቀ፤ ተጣማሪ ስትፈልግ ዓመታት ያልፋሉ፤ ሴቱ ብዙ፣ ወንዱ ጥቂት ነውና። አሜሪካ ቢያንስ በሩን ከፍቶላታል፤ በሩ ውድ ነው፣ ይህን አልክድም፣ ገንዘቧ ሲያልቅ ደግሞ ይዘጋል። የዳንሱም መልክ ይህን ተከትሏል፤ የእነሱ ስሙዝ የሚባለው ዘርፍ ጥንዶቹ እንዲለቃቀቁ፣ እንዲዞሩ፣ ጎን ለጎን እንዲሄዱ ይፈቅዳል፤ በእንግሊዙ መንገድ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መላቀቅ የለም። ፊሊፒንስ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ግልጽ ነው፤ ዳንስ አስተማሪ የተባሉ ወጣቶች ለምሽቱ ተቀጥረው ወይዛዝርቱን ያስደንሳሉ፣ ማንም አያፍርበትም።

ጃፓን ግን ታፍር ነበር። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ፣ በ1948፣ ሴተኛ አዳሪነትን ለመቆጣጠር የወጣ ሕግ የዳንስ አዳራሹንም የዳንስ ትምህርት ቤቱንም አብሮ ከፖሊስ ቁጥጥር ሥር አስገባ፤ ዋልዝ የሚያስተምር ሰው ከካባሬ ባለቤት ጋር በአንድ ሕግ ታሰረ። ወንድና ሴት በአደባባይ እጅ ለእጅ መያያዛቸው እንኳ በሚያሳፍርበት ሀገር፣ ተቃቅፎ መደነስ ምን እንደሚመስል አስቡት። በ1996 ማሳዩኪ ሱኦ «እንደንስ ወይ?» የሚል ፊልም ሠራ፤ አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ከሥራ ሲመለስ ከባቡሩ ሆኖ በዳንስ ስቱዲዮ መስኮት የቆመች ሴት ያያል፣ አንድ ቀን ይወርዳል፣ ደረጃውን ይወጣል፣ ይመዘገባል፣ ለሚስቱ ግን አይነግራትም። ሚስቱ ነገሩ ሲያጠራጥራት መርማሪ ትቀጥራለች፤ መርማሪውም ባልየው የሚደብቀው ዳንስ መሆኑን ያገኛል። ሀገሩ በሙሉ ፊልሙን አየ። በ1998 የተመሰከረለት መምህር ያላቸው ትምህርት ቤቶች ከዚያ ሕግ ነፃ ወጡ፤ ለጭፈራ ቤቶች ግን ሕጉ እስኪሻሻል 2016 ገባ።

በሶቪየት ኅብረት ደግሞ ከፋዩ መንግሥት ነበር። በባህል ቤቶች ልጆቹ ገና በስድስትና በሰባት ዓመታቸው ይጀምራሉ፤ በውድድሩም ከዋልዝና ከሳምባ ጎን እዚያው ሀገር የተፈጠሩ ዳንሶችን መደነስ ግዴታ ነበር፣ የምዕራቡ ብቻ እንዳይሆን። በሊቱዌኒያ ካውናስ ከ1965 ጀምሮ ታላቅ ውድድር ይደረግ ነበር። ኅብረቱ ሲፈርስ የመንግሥቱ ደመወዝ ቆመና ወላጆች ከፋይ ሆኑ፤ አሠልጣኞቹ ወደ ኒው ዮርክ፣ ወደ ቴል አቪቭ፣ ወደ ጀርመን ከተሞች ተበተኑ፣ ያንንም ከሕፃንነት የሚጀምር ጥብቅ ሥልጠና ይዘውት ሄዱ። ልጁ አሥር ዓመት ሳይሞላው ተጣማሪ ይመረጥለታል፤ ቁመት ይለካል፣ የእግር ርዝመት ይታያል፣ እናቶች ስልክ ይደዋወላሉ። ቁመቱ ቀድሞ ያደገ ልጅ ይተዋል፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው መተው ምን እንደሆነ ያውቃል። ካደጉም በኋላ ፍለጋው ድንበር ያሻግራል፤ ጣሊያናዊው ሚርኮ ጎዞሊና ሊቱዌኒያዊቷ ኤዲታ ዳኒዩቴ ለጣሊያን ደነሱ፣ ጣሊያናዊው ሪካርዶ ኮኪና ሩሲያ የተወለደችው ዩሊያ ዛጎሩይቼንኮ ለአሜሪካ።

እነዚህ ሁሉ በግንቦት ወር አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ብላክፑል። በእንግሊዝ ምዕራብ ዳርቻ ያለች የመዝናኛ ከተማ ናት፣ ንፋሷ ጃንጥላ ይሰብራል፣ ባሕሯ አመድማ ነው። እዚያ በ1896 የተከፈተ ኤምፕረስ የሚባል አዳራሽ አለ፤ ከ1920 ጀምሮ ፌስቲቫሉ ይደረግበታል። ጃፓኑም፣ ሩሲያውም፣ ቻይናውም፣ አሜሪካዊውም ወንድ ጀርባው ላይ ቁጥር ለጥፎ ይወጣል፤ ኦርኬስትራው በአካል ይጫወታል፤ ሕዝቡ የወደደውን ቁጥር እየጠራ ይጮኻል። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ዳኛው ነጥብ አይሰጥም፤ እንዲመለሱ የሚፈልጋቸውን ብቻ ምልክት ያደርጋል፣ ወለሉ ላይ ያለው ብዙ ነው፣ ሙዚቃው ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፣ ለአንድ ጥንድ የሚደርሰው እይታ የጥቂት ሴኮንድ ነው። በመጨረሻው ዙር ስድስት ጥንድ ሲቀር ደግሞ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ይደረድራቸዋል፣ የዳኞቹ አብላጫ ያለበት ደረጃ ይጸናል። ዳኛው ራሱ በዓመቱ ውስጥ ትምህርት ሸጦ የሚኖር መምህር ነው፤ ወለሉ ላይ ካሉት መካከል የከፈሉት አሉ። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ በግልጽ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው።

እንዲህ ያለው ወሬ፣ የገንዘቡም የሥልጣኑም፣ ዳንሱን ለሁለት ከፈለው። አንደኛው ወገን በ1950 ኤድንብራ ላይ የተመሠረተው፣ በባለሙያ መምህራን የሚመራው ምክር ቤት ነው፤ ሁለተኛው ዳንሱን ስፖርት እናድርገው ያለው ፌዴሬሽን፣ በ1997 የኦሎምፒክ ኮሚቴ እውቅና ያገኘው። አንዱ ዘንድ የተመዘገበ ጥንድ በሌላው ውድድር እንዳይገባ ሲከለከል፣ በአንድ ዓመት ሁለት የዓለም ሻምፒዮን ሲኖር አይተናል። ስፖርት ነው ያሉት ዓመት ሙሉ፣ አሥር ዓመት ሙሉ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የኦሎምፒክን በር አንኳኩ፤ ሕጉን አስተካከሉ፣ የዳኝነቱን ነጥብ እንደ በረዶ ሸርተቴው በየዘርፉ ከፋፈሉት፣ ዋልዙም ታንጎውም ተዘጋጅቶ ጠበቀ።

በሩ የተከፈተው በ2024 ፓሪስ ላይ ነው። የገባው ግን ዋልዝ አልነበረም፣ ታንጎም አልነበረም፤ ያው ፌዴሬሽን የሚያስተዳድረው ብሬኪንግ ነበር፣ በኒው ዮርክ ብሮንክስ ሰፈር የተወለደው። በኮንኮርድ አደባባይ፣ በነሐሴ ሙቀት፣ ጨፋሪዎቹ ተራ በተራ ብቻቸውን ወጡ፤ የሚያቅፉት ሰው የለም፣ የሚመራቸው የለም፣ ሙዚቃውንም ዲጄው ሲያመጣው ነው የሚሰሙት። የሴቶቹን ወርቅ አሚ የምትባል ጃፓናዊት ወሰደች።